ውሸታሙ ቀለበት

መጋቢት 8፣ እሁድ

በብርዱ ወራት የረጋው የሐይቁ በረዶ ዛሬ ተሰነጠቀ። ቁርስ ላይ ነበርን፤ ከታች ድው ሲል የወጥ ቤቱ መስኮት ተንቀጠቀጠና እማዬ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «ተመስገን፣ ተገላገለች» አሉ። ስለ ሐይቁ የሚያወሩት እንደ ሴት ነው፤ ባሌም ይህን አነጋገር የወረሰው ከእሳቸው ነው። እናቱ ናቸው። እሱ ከሄደ ወዲህ በዚህ ቤት እኔና እሳቸው ብቻ ነን፣ አማትና ምራት፣ እስካሁን አልተባላንም።

ዘንድሮ ልቤ አላርፍ ብሏል። ሐይቁ ለመረብ ከተዘጋ ይኸው ሦስተኛ ዓመቱን ያዘ። የተዘጋው ብርማ የምንለው ዓሣ ሊያልቅ ሲል ነው። ብርማው ካገገመ በሰኔ ይከፈታል፤ ከተከፈተ ባሌ ከወደቡ ከተማ ይመለሳል። «ዓሣው ሲመለስ እመለሳለሁ» ብሎ ነው የሄደው። ዓሣው መመለስ አለመመለሱን መርምሮ የሚናገረው ደግሞ የምሠራበት የዓሣ ምርምር ጣቢያ ነው፤ በጣቢያው ውስጥም ያ ሥራ የእኔ ነው። እግዜር ሲቀልድ እንዲህ ነው።

መጋቢት 11፣ ረቡዕ

መረብ ጣልን፣ አወጣን። ጣቶቼ በብርዱ አልታዘዝ ብለውኛል፤ ጽሕፈቴ የዶሮ ጭረት መስሏል። ከአምናው ይበዛል። ይበዛል! ነገ እጽፋለሁ።

መጋቢት 12፣ ሐሙስ

ትናንት የተያዙት ብርማዎች ያምራሉ። ቆዳቸው ያብለጨልጫል፣ ቁስል የለባቸውም። ትንሽ ቅር ያለኝ የሴቶቹ እንቁላል ነው። ሆዳቸውን ከፍቼ ሳየው ደቃቅ ነው፣ የሰናፍጭ ፍሬ እንኳ አያህልም። በዚህ ሰሞን መተለቅ ነበረበት። በረዶው ስለቆየ ነው። ብርድ ሁሉንም ነገር ያዘገያል፣ ሰውንም ጭምር።

አለቃችን በሩ ላይ ብቅ ብለው «እህሳ፣ ዓሦችሽ ምን ይላሉ?» አሉኝ። «ደህና ነን ይላሉ» አልኳቸው። ገና አንዱንም በቅጡ ሳልመረምር! አፌ ቀደመኝ።

መጋቢት 19፣ ሐሙስ

የጆሮ ድንጋይ ማንበብ ጀመርን።

ባሌን የተዋወቅኩት በዚሁ ሥራ ነው። አዲስ የተቀጠርኩ ሰሞን ወደ ጀልባ ማቆሚያው ወርጄ አንዱን ዓሣ አጥማጅ «እባክህ የዓሣ ጭንቅላት ካለህ ስጠኝ» አልኩት። ከእግር እስከ ራሴ አየኝና ሁለት ሙሉ ዓሣ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ። «እኔ የፈለግኩት ጭንቅላቱን ነው» ስለው «ግድ የለም ውሰጂ፣ ችግር በሁሉም ቤት አለ» አለኝ። ድሃ መስዬው! በማግስቱ ጣቢያው ድረስ ወስጄ በማጉያው አሳየሁት። ዓሣ ጭንቅላቱ ውስጥ፣ ጆሮው ጋ፣ ከጥፍር ቁራጭ የማትበልጥ ድንጋይ አለችው፤ ተሞርዳ ስትታይ እንደ ግንድ ቀለበት ቀለበት ናት። በሙቀቱ ወራት ዓሣው በደንብ ስለሚበላ ሰፊና ነጣ ያለ ቀለበት ይሠራል፤ በብርዱ ወራት ቀጭን ጥቁር። ጥቁሮቹ ሲቆጠሩ ዕድሜው ይታወቃል። ዓይኑን ከማጉያው አልነቅል ብሎ «እኛን ቢከፍቱንስ ምን ይገኝብን ይሆን?» አለ። ያን ዕለት ነው ያለቀልኝ።

የሥራው ፈተና ውሸታሙ ነው። ዓሣው በሙቀቱ ወራት መሃል ከተራበ ብርድ የመጣ ይመስል ጥቁር ቀለበት ይሠራል። ይህን ነው እኛ ውሸታሙ የምንለው። እሱን የቆጠረ ሰው ዓሣውን ያለ ዕድሜው አሳደገው ማለት ነው። ለዚህ ሲባል አንዱን ድንጋይ ሁለት ሰው ለየብቻ ያነበዋል፤ አንዱ የሌላውን ቁጥር መስማት የለበትም። ሁለተኛዋ አንባቢ የሥራ ባልደረባዬ «መነጽሯ» ናት። አንዱን መነጽር ዓይኗ ላይ፣ ሌላውን አናቷ ላይ ስለምትሰካ ነው እንዲህ የምንላት።

ብርማው እንቁላል መጣል የሚጀምረው አምስት ዓመት ሲሞላው ነው። አብዛኞቹ አምስት ከሆኑ ሐይቁ ይከፈታል። አራት ከሆኑ ግን ገና ልጆች ናቸው፤ እነሱ ከተጠመዱ ተተኪ የለም።

የመጀመሪያዋን ድንጋይ ከማጉያው ሥር አድርጌ ቆጠርኩና «አምስት!» ብዬ ጮህኩ።

«ዝም በይ እንጂ፣ ጆሮ አለኝ እኮ!» አለች መነጽሯ።

«አልሰማሁም በያ።»

«እሺ፣ አልሰማሁም» ብላ ሳቀች።

ከዚያ በኋላም አፌ አላረፈም መሰለኝ። ስቆጥር የማጉረምረም ልማድ አለብኝ። ማምሻውን ስናነጻጽር ቁጥራችን ገጠመ። አምስት፣ አምስት፣ ስድስት፣ አምስት። እንዲህ ተስማምተን አናውቅም።

መጋቢት 22፣ እሁድ

ደወለ። «ሐይቁ እንዴት ነው?» አለ እንደ ወትሮው። ስለ በረዶው፣ ስለ መረቡ፣ ስለ ዓሦቹ ነገርኩት። «እማዬስ?» ደህና ናቸው። «አንቺስ?» ሥራ በዝቶብኛል አልኩና ተመልሼ ዓሦቹ ወሬ ውስጥ ገባሁ። ከኋላው ማሽን ይጮሃል። የሚሠራው ወደቡ ላይ ዓሣ የሚቀዘቅዝበት መጋዘን ውስጥ ነው፤ በሙቀቱ ወራት እንኳ ካፖርት ይለብሳል።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ልነግረው የነበረው ነገር ትዝ አለኝ። ሰሞኑን የእሱን ሹራብ ለብሼ ነው የምተኛው። እንዴ፣ ይህስ ይነገራል? ሆድ ይፍጀው።

ሚያዝያ 2፣ ረቡዕ

የባሌን የጀልባ ሸሪክ ጀልባዋን ገልብጦ ሲፍቅ አገኘሁት። ሐይቁ ይከፈታል የሚለው ወሬ ደርሶታል ማለት ነው።

«የወንድሜ ሚስት፣ ምን ዓይነት ቀለም ልቀባት?»

«የነበረውን። ሲመጣ እንዳይጠፋው።»

«ኧረ እሱ በጨለማም ያውቃታል!» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ዘንድሮ ካልተከፈተ ግን እኔም ሻንጣዬን መሰብሰቤ ነው። የሰው ጣራ ስጠግን ሁለት ዓመት ሞላኝ፤ ከፍታ እፈራለሁ እኮ» አለኝ። አይዞህ አልኩት። ማን አይዞህ በይ አለኝ?

ቤት ስደርስ እማዬ የልጃቸውን ብርድ ልብስ ሁሉ አውጥተው ፀሐይ ላይ አስጥተውታል። «ልጄ ዓሣ ነው እንዴ ውሃ ሲሞቅለት የሚመጣ?» እያሉ ያጉረመርማሉ፣ እያጉረመረሙም ያራግፋሉ።

ሚያዝያ 8፣ ማክሰኞ

አለቃችን ደስ ብሏቸዋል። ውጤቱን ለበላይ መሥሪያ ቤት በቃል ነግረዋል፤ የተፈረመው ወረቀት በወሩ መጨረሻ ይላካል። ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «ሐይቅ ያዳነች ሴት» አሉኝ። ወደድኩት። ለምን እዋሻለሁ፣ ወደድኩት።

ከዚያ ኮሪደሩ ላይ፣ ሻይ ማፍያው ጋ፣ ሁለት ሰዎች ሲያወሩ ሰማሁ። «ምን ይገርማል፣ ባሏ እንዲመጣላት ዓሣውን አሳደገችው እኮ!» ሳቁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእኔ ግን ዛሬ ዘመድ ሆነና አንድም ሳያስቀር ለቅሞ አመጣልኝ።

ሁለት ሰው ነው ያነበበው። ሁለት! የሚያወራ ሁሉ መጥቶ ይቁጠር።

ሚያዝያ 9፣ ረቡዕ

ደግሜ አሰብኩበት። ሁለት ሰው አንብቦታል። በቃ።

ሚያዝያ 13፣ እሁድ

ነገርኩት! ገና ሃሎ ሳይል «ይከፈታል» አልኩት። «ብርማው አምስት ዓመት ሞልቶታል፣ በሰኔ ይከፈታል!»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ አልኩ።

«አለሁ። እርግጠኛ ነሽ?»

«ሁለት ሰው ነው ያነበበው እኮ።»

«የጠየቅኩሽ ስለ ዓሣው አይደለም» አለ። ከዚያ አንድ ሰው ጠራው መሰለኝ፣ «ብቻ ይሁን፣ ጥሩ ነው፣ እንነጋገራለን» ብሎ ዘጋው።

ደክሞታል። ሌሊት ፈረቃ ላይ ነው የሰነበተው። የደከመ ሰው በስልክ እንዴት ይጨፍራል? «ምን አለ?» ሲሉኝ ለእማዬ «በጣም ደስ አለው» አልኳቸው። አተኩረው አዩኝና ሽንኩርታቸውን መክተፍ ቀጠሉ።

ሚያዝያ 20፣ እሁድ

አልደወለም። ሥራ ይሆናል።

ዓርብ ዕለት እንደገና መረብ ጥለን ነበር። እንቁላሉ ያው ነው፣ ሰናፍጭ። መነጽሯ «ቆይ፣ መቼ ሊጥሉት ነው?» አለችኝ። ብርዱ ነው ያዘገያቸው አልኳት። «የምን ብርድ? ሹራብሽን አውልቀሽ የለም እንዴ?» አለች። ተናድጄባታለሁ፤ በምን እንደ ተናደድኩ ግን እኔም አላውቅ።

ሚያዝያ 24፣ ሐሙስ

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ጠዋት እማዬ ፍራሻችንን ገልብጠው እየመቱ «ይሄ ጥቁር ነገር ምንድን ነው? የጀልባ ቅጥራን አልጋ ላይ ምን ያደርጋል?» አሉኝ። ፊቴ ጋለ። ምን ብዬ ልንገራቸው? ባሌ ሊሄድ ሲል በነበረው የሙቀት ወቅት ነው። ቤቱ እንደ ምድጃ ነድዶ፣ መተኛት አቅቶን፣ ፍራሹን ጀልባዋ ላይ ጭነን ሐይቁ መሃል እናድር ነበር። ውሃው ራሱ ለብ ያለ ነበር። ስንት ሌሊት! እሱ እጁን ውሃው ውስጥ ነክሮ ዝም ብሎ ይተኛል፣ እኔ ኮከብ እቆጥራለሁ። ከዚያ የሚበልጥ ወቅት በሕይወቴ አላየሁም። ሥራ እስክደርስ ድረስ ብቻዬን ስስቅ ነበር።

እየሳቅኩ ማጉያው ላይ ጎንበስ አልኩ። አንዱን ድንጋይ እንዲሁ ለማየት ያህል አነሳሁ። ከመሃል ወደ ዳር፣ አንደኛው የሙቀት ወቅት፣ ብርድ፣ ሁለተኛው የሙቀት ወቅት... እና በእሱ መሃል ጥቁር ቀለበት። ሌላ ድንጋይ አነሳሁ። እዚያው ቦታ። ሌላ። እዚያው! ወደ ኋላ ቆጠርኩ። የዓሦቹ ሁለተኛ የሙቀት ወቅት ያ የእኛ ወቅት ነው።

ብርማ የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ ነው። ውሃው ከልክ በላይ ሲሞቅበት መብላት ያቆማል። እኛ ፍራሽ ዘርግተን ስንተኛ እነሱ ከሥራችን እየተራቡ ነበር። ጥቁሩ ቀለበት ውሸታሙ ነው። አምስት ያልኳቸው አራት ናቸው። እንቁላላቸው ያልተለቀው ጊዜው ስላልደረሰ ነው እንጂ ብርድ ይዞት አይደለም።

ተማሪ እንኳ የሚለየው ነገር ነው። ያን ወቅት በየወሩ የውሃውን ሙቀት የለካሁት እኔ ነኝ፣ በገዛ እጄ! ልብ ካላየ ዓይን አያይም ማለት ለካ ይህ ነው። ያ ወቅት ለእኔ የረሃብ ወቅት ነው ቢሉኝ እንዴት አምናለሁ?

ለካስ ያኔ መረቡ ባዶውን ይወጣ ነበር። ዝም ብሎ ይተኛል ያልኩት ሰውዬ ስለዚያ ይሆን ዝም የሚለው? እኔ ደስታ መስሎኝ።

ሚያዝያ 25፣ ዓርብ

ለማንም አልተናገርኩም። ወረቀቱ ገና አልተፈረመም። ዝም ብል ማን ያውቃል? መነጽሯ እንደሆነች ከእኔ ጋር ተስማምታለች። በሰኔ ይመጣል። አንድ ዓመት፣ ምናልባት ሁለት፣ ጥሩ ያጠምዳሉ። ከዚያ ሐይቁ ይሞታል፤ እሱ ግን እዚህ ይሆናል።

ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ? እኔው ነኝ። እንዴት እንደናፈቀኝ ማንም አያውቅም።

ሚያዝያ 27፣ እሁድ

ደወለ። አላነሳሁም። እማዬ አነሱት፤ «ራሷን አሟት ተኝታለች» ሲሉት ሰማሁ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ!

ሚያዝያ 28፣ ሰኞ

ለመነጽሯ ነገርኳት። አንዱን መነጽር አውልቃ ሌላውን አደረገች፣ ያንንም አወለቀች። «እኔም የቆጠርኩት በአንቺ አፍ ነው» አለች። «በመጀመሪያዋ ላይ አራት ብዬ ነበር። አንቺ አምስት ስትዪ ደግሜ አየሁና አምስት ሆነብኝ። ደስታሽን እንዴት ላፍርሰው?»

በደንቡ አነበብነው፣ እሷ እዚያኛው ክፍል፣ እኔ በዚህኛው። እንዳላጉረመርም እርሳስ ነክሼ ዋልኩ። አራት፣ አራት፣ አምስት፣ አራት።

አለቃችን ጋ አብረን ገባን። መጀመሪያ ሳቁ፣ ከዚያ መሳቃቸውን ተዉ። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል አሉ! ለበላዮቹ ይከፈታል ብዬ፣ ለአጥማጆቹ ይከፈታል ብዬ፣ አሁን ምን ልበላቸው?»

«እኔ እነግራቸዋለሁ» አልኩ። መነጽሯ ክንዴን ቆነጠጠችኝ፤ ግን አንዴ አምልጦኛል።

ግንቦት 1፣ ሐሙስ

ለአጥማጆቹ ነገርኳቸው። አዳራሹ ሞልቶ ነበር። የቀለበቱን ስዕል ግድግዳው ላይ አሳየኋቸው፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ አልኩ። ብርማው ተጨማሪ ሁለት ዓመት ያስፈልገዋል፤ አንዴ እንቁላል ጥሎ፣ ያም ፈልፍሎ እስኪታይ። አንዱ «ሲመችሽ ትሰጪናለሽ፣ ሳይመችሽ ትነሺናለሽ!» ብሎ ወጣ። መሰደብስ ያንሰኛል።

የጀልባ ሸሪኩ ከሁሉም በኋላ ቀረ። ጥፍሩ ውስጥ ገና የጀልባዋ ሰማያዊ ቀለም አለ።

«እሱስ ያውቃል?»

«ገና ነው።»

«በይ እግዜር ያበርታሽ» አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። የገዛ ሻንጣውን ነገር አላነሳም፣ እኔም ልጠይቀው ድፍረቱን አጣሁ።

ቤት መጥቼ ለእማዬ ነገርኳቸው። አላለቀሱም። «አራት ዓመት ገና ልጅ ነው፣ ልጅ አይጠመድም» አሉና ብርድ ልብሶቹን ማጠፍ ጀመሩ። ጫፍና ጫፉን ይዘን አብረን አጠፍን። መጨረሻው ላይ «አንቺ ሴት፣ ለእሱ ስለ ዓሣ ስትነግሪው ሁልጊዜ እሰማሻለሁ። ሌላ ወሬ የለሽም?» አሉኝ። ምን ለማለት እንደፈለጉ አልገባኝም። ገብቶኛል።

ግንቦት 4፣ እሁድ

ደወለ፣ አነሳሁ። በአንድ ትንፋሽ ነገርኩት። ተሳስቼ ነበር፣ አራት ናቸው፣ ሁለት ዓመት ይዘጋል፣ ይቅርታ።

«አይዞሽ» አለ። «ምን ይደረግ? አይዞሽ።»

ድምፁ ቀልሎ ነበር። እንደ ድንጋይ የተጫነው ነገር የወረደለት ሰው ድምፅ። ያቺ ቅለት ናት ያቃጠለችኝ።

«ደስ አለህ አይደል?» አልኩት። «አልመጣም ማለት ከብዶህ ነበር፤ ይኸው ዓሣው ተናገረልህ!»

«ምንድን ነው የምትዪው?»

«ሰማሁህ እኮ! ባለፈው ይከፈታል ስልህ ዝም አልክ። ዛሬ ተዘጋ ስልህ ቀለለህ።»

አንድ በር ሲዘጋ ሰማሁ፣ የማሽኑም ጩኸት ጠፋ።

«እኔ ልንገርሽ» አለ። «ባለፈው ደውለሽ ዓሣው ተመልሷል አልሽኝ። ናፍቀኸኛል አላልሽም። ሻንጣዬን አውጥቼ አልጋው ላይ አደረግኩትና ቁጭ ብዬ አየሁት። ጣቢያው ጠርቶኛል፣ ሐይቁ ጠርቶኛል፣ ሚስቴስ? ሁለት ዓመት ሙሉ አንቺስ ባልኩሽ ቁጥር ስለ መረብ ትነግሪኛለሽ። ዛሬ ደግሞ ተሳስቻለሁ ስትዪኝ፣ ዓሣ አንባቢዋ ሳትሆን አንቺ ነሽ የተናገርሽው። ለዚያ ነው የቀለለኝ። አንድ ቀን እንኳ ና ብለሽኝ ታውቂያለሽ?»

ሁልጊዜ እል የነበረ መስሎኝ ነበር። በእያንዳንዷ ዓሣ፣ በእያንዳንዱ ቁጥር ና ስለው የኖርኩ መስሎኝ ነበር እኮ! ማን ይስማው እንግዲህ።

«መጥቼስ ምን እሠራለሁ?» አለ። «ሐይቁ ዝግ ነው።»

«አላውቅም» አልኩት። «ታገኛለህ። ባታገኝም አብረን እናጣዋለን። ቤቱ ጠቦኛል፣ ሹራብህ አንተን መሽተት ትቷል፣ እናትህ የሚያጥፉት ብርድ ልብስ አለቀባቸው። ዓሣ ኖረም አልኖረም፣ ና።»

አፍንጫውን ሲስብ ሰማሁት።

«እስቲ ድገሚው» አለኝ።

በለሆሳስ «ና» አልኩት። እማዬ ከጓዳ ሆነው «ጮክ በይ እንጂ፣ መጋዘን ውስጥ ነው ያለው፣ አይሰማም!» ብለው ጮሁ።

ጮክ ብዬ ደገምኩለት።